እትዬ አንጓች የነከሩት ናሙና

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት ቢሮዬ በር ላይ ቆማ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ነገር ይዛ እንደመጣች ገባኝ። ትዕግሥት የዳንግላ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ስትማር አስተማሪዋ ነበርኩ፤ ዛሬ ዶክትሬቷን ይዛ እዚሁ እንጅባራ ባልደረባዬ ሆናለች። ያም ሆኖ ተቀመጪ ሳልላት ወንበር አትይዝም። ውጭው እንደ ልማዱ ያካፋል። ጥቅምት ገብቶ እንኳ የእንጅባራ ሰማይ ዝናቡን ለመተው ይሰስታል፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስወቅሰው ኖሬ እሱም እኔም አልተለወጥንም።

ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ አንድ ማስታወቂያ አሳየችኝ። የድኅረ ዶክትሬት የምርምር ዕድል ነው፤ ሁለት ዓመት፣ ውጭ አገር፣ በሴል ባዮሎጂና በፕሮቲዮሚክስ። ፕሮቲዮሚክስ ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በአንድ ሴል ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች አንድ አንዱን ነጥሎ ሳይሆን ሁሉንም ባንዴ ለይቶ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ የሚያጠና ሙያ ነው። አንድን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ከመጠየቅ ይልቅ የአገሩን ሰው በሙሉ ገበያ ላይ ቆሞ እንደማየት ያለ ነው።

ትዕግሥት የመጀመሪያውን ማጣሪያ አልፋ ነበር። የቀራት ናሙና መላክ ብቻ ነው። በጥሊሊ ዙሪያ ካሉ ፈረሶች የቀዳችውን ደም በበረዶ ሣጥን ይዛ ስትመለስ ግን ሚኒባሱ መንገድ ላይ ተበላሸ። ግማሽ ቀን ሙሉ መንገድ ዳር ቆመች። ሣጥኑን ስትከፍተው በረዶው ውኃ ሆኗል። የቀሯት ቀናት ደግሞ ዘጠኝ ወይም አሥር ቢሆኑ ነው።

«እንግዲህ ይቅርታ ጠይቄ ማመልከቻዬን አነሣለሁ» አለች። ከዚያ ፈገግ ለማለት እየሞከረች፣ «የእርስዎ አክስት ግብጦ ደረሰብኝ፣ ዶክተር» አለችኝ።

የአክስቴን ግብጦ በእኛ የትምህርት ክፍል የማያውቅ የለም። ያወራሁት እኔ ነኝ። አዲስ መምህር ሲመጣ፣ ሰው ሲሸኝ፣ ስብሰባ ሲሰለች፣ ጨዋታው ሲቀዘቅዝ ያንን ታሪክ አነሣለሁ፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ትዕግሥትም የጠበቀችው አብሬያት እንድስቅ ነበር። እኔም አፌን ከፈትኩ፤ ሳቁ ግን እምቢ አለኝ።

ያኔ ሠላሳ ዓመቴን ገና መያዜ ነበር። ዶክትሬቴን አዲስ አበባ ጨርሼ ተመልሼ፣ እንጅባራ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ የማይበት ዕድሜ ነው። ውጭ አገር ላሉ፣ የጥራጥሬ ፕሮቲን ለሚያጠኑ አንድ ፕሮፌሰር ጽፌላቸው መልሰውልኝ ነበር። አንድ የድኅረ ዶክትሬት ቦታ አላቸው፤ የመጨረሻ ዕጩዎቹ እኔና አንድ ሌላ ሰው ነን። ስለ ግብጦ የጻፍኩት ነገር ስቧቸዋል። ከተለያዩ ገበሬዎች የተሰበሰበ የግብጦ ዘር እንድልክላቸው፣ ዘሩ እንዳልኩት ሆኖ ከተገኘ ቦታው የእኔ እንደሚሆን ነገሩኝ። ሁለት ነገር ብቻ አጥብቀው ጠየቁ። ዘሩ እሳትም ውኃም ያልነካው ጥሬ ይሁን፤ የአንዱ ገበሬ ከሌላው አይቀላቀል። እስከ ግንቦት ሃያ ሰባት ድረስ ለፖስታ ቤት መስጠት ነበረብኝ።

እሳት ያልነካው የተባለበት ምክንያት ቀላል ነው። ፕሮቲን እንደ እንቁላል ነው፤ አንዴ ከበሰለ ወደ ጥሬው አይመለስም። የእኛ አገር ግብጦ ደግሞ እሳትና ውኃ ካልነካው ምግብ አይደለም። ጥሬው ከመምረሩ የተነሣ ከብት እንኳ አፉን አያስጠጋበትም፤ ሰው ቢደፍረው ይታመማል። ስለዚህ ይቆላል፤ ከዚያ በከረጢት ታስሮ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ይቀመጣል። ምሬቱ ሲወጣለት ይፈለፈልና በጨውና በሚጥሚጣ፣ ከጠላ ጋር ይበላል። ይህንን የሚያውቅ ሰው መራራ ግብጦ ለእንግዳ አይሰጥም። ለሚጠሉት ሰው እንኳ አይሰጡትም።

ሚያዝያን ሙሉ በእግሬና በጋሪ ስዞር ከረምኩ። ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ዙሪያ እስከ ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ድረስ ዘጠኝ ገበሬዎች ጋ ደረስኩ። ዘንገና ያሉት ጋሼ ቢሻው ዘሩን በእፍኛቸው እየሰፈሩልኝ ፈረንጆቹ ምን እንደሚያደርጉበት ጠየቁኝ። ውስጡን ያያሉ አልኳቸው። ባለቤታቸው በአዊኛ «ጥሬውን ሊበላው ነው እኮ ይኸ ልጅ» አሉና ሁለቱም ሳቁ። እኔም ቋንቋው እንዳልገባኝ መስዬ ዝም አልኩ፤ አፌን የፈታሁበት እንዳይደለ። የተማረ ሰው መሆኔ ነበር ያኔ። የተጠበሰ ድንች ሰጡኝ፤ ልጣጩን እየፋቅኩ በላሁና ቁልቁል ወረድኩ። ሐይቁ ከታች ጸጥ ብሎ፣ ዳሩ ላይ ሁለት ፈረሶች ይግጡ ነበር። ያቺን ቀን እስከ ዛሬ እወዳታለሁ።

የእያንዳንዱን ገበሬ ዘር በየከረጢቱ አድርጌ፣ ስምና ቀበሌ የጻፍኩበት ወረቀት ጨመርኩበት። ክፍሌ ግን ጤዛ የሚያነባ ክፍል ነው። መጽሐፎቼ ሳይቀሩ ይሻግቱ ነበር። ስለዚህ ከረጢቶቹን ግምጃ ቤት ወሰድኩና አክስቴ ዘንድ አስቀመጥኩ።

አክስቴ እትዬ አንጓች የአባቴ እኅት ናቸው። እናትና አባቴ ቶሎ ስላለፉ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ልጅ አልወለዱም። እርሻቸውን ራሳቸው ቆመው የሚያሳርሱ፣ ቁጥብ፣ ከተናገሩ የማይደግሙ ሴት ነበሩ። አሁንም ናቸው። የዚያን ቀን የነገርኳቸው ነገር ቢኖር፣ ይህ ግብጦ ውጭ አገር ላሉ ትልቅ ሰው የሚላክ እንደሆነና የእኔ ጉዳይ በሰውየው እጅ መሆኑን ነው። «አደራ» ብዬም ጨመርኩ። እሳቸው ደግመው «ለትልቅ ሰው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸውና ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ወጣሁ። ስለ ፕሮቲን ለሦስት ሰዓት ያለማቋረጥ መናገር የምችል ሰው፣ ለአክስቴ «ጥሬውን ነው የሚፈልጉት» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር አልተረፈችኝም።

ግንቦት ዐሥራ ስምንት ልወስደው ተመልሼ ሄድኩ። አክስቴ ደጃፋቸው ላይ ሁለት ሰፌድ ፀሐይ ላይ አስጥተው ዝንብ ያባርራሉ። ሰፌዱ ላይ ያለው ግብጦ ተፈልፍሎ፣ ነጥቶ፣ ያምራል። የሌላ ሰው መስሎኝ አልፌው ገባሁና ከረጢቶቼን ፈለግኩ። ባዷቸውን ታጥበው ገመድ ላይ ተሰጥተዋል።

አክስቴ ፊታቸው በርቶ ነበር። ቆልተውታል። ስድስት ቀን ወንዝ ውስጥ አኑረውታል፤ ቀን ቀን አጠገቡ እየተቀመጡ፣ ድንጋዩን እያገላበጡ። ዘጠኙንም ባንድ ላይ። ወረቀቶቹን ግን አልጣሉም፤ ጽሑፍ አይጣልም ብለው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል። «ቅመስ» አሉኝ እፍኝ አንሥተው። «ሰውየው የእኛን ግብጦ አያውቅም። መራራውን ልከህለት ቢቀምሰው አንተን ይጠላሃል፤ ቢበላውም ይታመምብሃል።»

ያልኩትን እንዳለ ልጻፈው። ከግንቦት መድኃኔዓለም በፊት ለፖስታ ቤት ካልሰጠሁት ሁሉም ነገር እንዳለቀ ነገርኳቸው። «ሕይወቴን አጠፉት» አልኳቸው። «በማያውቁት ነገር ማን እጅዎን አስገቡ አለዎት?»

አክስቴ እፍኛቸውን መልሰው ሰፌዱ ላይ አፈሰሱት። እኔም እህል ሳልቀምስ ወጣሁ። ከዚያ ቤት እህል ሳልቀምስ የወጣሁበት ሌላ ቀን አላስታውስም።

በማግሥቱ ዳንግላ ሄድኩ፤ ኢንተርኔት ያለው ቤት እዚያ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ለፕሮፌሰሩ የምጽፈውን ሳወጣና ሳወርድ ነበር። እውነቱን ልጻፍ? አክስቴ ናሙናውን ቆልታ ወንዝ ነከረችው ልበላቸው? ሳስበው ብቻ ጆሮዬ ጋለ። የማላውቃቸው ነጭ ሰውዬ ደብዳቤውን ለባልደረቦቻቸው እያነበቡ ሲስቁ ታየኝ። ጥቂት ቀን ይጨምሩልኝ ማለትም ልመና መሰለኝ። ስለዚህ ሁለት መስመር ጻፍኩ፤ ከአቅሜ በላይ በሆነ ምክንያት ናሙናውን መላክ ስላልቻልኩ ከውድድሩ ራሴን አውጥቻለሁ የሚል። እንግሊዝኛው ያማረ ነበር። ላኩትና ወጥቼ በርበሬ የበዛበት ሽሮ በላሁ፤ ጣዕሙ አልገባኝም። እንጅባራ ተመልሼ በሬን ዘግቼ ተኛሁ። መልስ መጥቶ እንደሆነ ለማየት እንኳ ዳንግላ አልተመለስኩም።

ግንቦት ሃያ አምስት ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አክስቴ ነበሩ። የላስቲክ ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል፤ ነጠላቸውን ጫፉን ቋጥረው በደረታቸው ይዘዋል። አልሳሙኝም። ገብተው አልጋዬ ላይ ተቀመጡና ቋጠሮውን ፈቱት። ውስጡ ዘጠኝ ትናንሽ የጨርቅ ቋጠሮዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ የእኔ ወረቀት ተጠቅልሎ ታስሯል።

ማንበብ አይችሉም። ጎረቤታቸው ለሆነችው መምህርት ወረቀቶቹን ሰጥተው በተርታ አስነብበዋል፤ ስሞቹን በቃላቸው ያዙ፤ ከዚያ ስድስት ቀን ሙሉ ከቤት ቤት ዞሩ። ዘጠኙም ጋ። ጋሼ ቢሻው ዘንድ አድረዋል። ጊዜው የዘር ጊዜ ነው፤ በግንቦት ገበሬ እጅ ያለው ግብጦ የሚዘራው ብቻ ነው። አንዷ ባለቤት ዘሬን አልሰጥም ብላ አክስቴ ደጃፏ ላይ እስከ ቀትር ተቀምጠው ነበር።

«ምን ብለው አሳመኗት?» አልኳቸው።

«አጥፊዋ እኔ ነኝ፤ የልጁን ናሙና ያበላሸሁ እኔ ነኝ አልኳት» አሉ። «ሁሉም ቤት እንደዚያ ነው ያልኩት። መድኃኔዓለም ከነገ ወዲያ ነው። ተነሥ፣ ሂድ።»

«ናሙና» የምትለዋን ቃል ከመምህርቷ ተምረዋት ነው። እኔ አላስተማርኳቸውም።

ተነሥቼ ሄድኩ። ምን ልበላቸው? ዳንግላ እስክደርስ ድረስ ምናልባት፣ ምናልባት እያልኩ ነው። መልሱ ግን ከአምስት ቀን በፊት መጥቶ ይጠብቀኝ ነበር። ፕሮፌሰሩ ምክንያቱን ሳልነግራቸው በመተዌ ማዘናቸውን ጽፈዋል። ዘር መሰብሰብ እንደሚያስቸግር ያውቃሉ፤ ጠይቄያቸው ቢሆን አንድ ወርም ቢሆን ይጠብቁኝ ነበር። ራሴን ስላወጣሁ ግን ቦታውን ለሌላው ዕጩ ሰጥተውታል፤ እሱም ተቀብሏል። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቋጠሮዎቹ ጉልበቴ ላይ ነበሩ።

እንጅባራ ስመለስ አክስቴ ክፍሌን ጠርገው፣ ካልሲዬን ሳይቀር አጥበው ጠበቁኝ። «ደረሰ?» አሉኝ።

እዚያ ላይ እውነቱን ብናገር ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር። «ቀኑን አሳጥረውታል፤ ጊዜው አልፏል አሉኝ» አልኳቸው።

ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ስድስቱ ቀን ነው» አሉ፤ ወንዝ ውስጥ ያኖሩትን ቀን መቁጠራቸው ነው። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን እንደ ርኅራኄ ቆጥሬው እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ቢያንስ አልተቆጣኋቸውም ብዬ። ሚኒባስ ድረስ ሸኘኋቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቴ የሚያሳዝን አይደለም። ባሕር ዳር ብዙ ዓመት አስተማርኩ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ፤ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ወደ አገሬ ተመለስኩ። ፕሮቲዮሚክስን መሣሪያውን ሳልነካ ከመጽሐፍ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ የእኔን ያህል አያዝኑበትም። ቁጭቱ ሲበርድ ግን ጨዋታ አደረግኩት። «አክስቴ ድኅረ ዶክትሬቴን ወንዝ ነክራ አስቀረችው» እላለሁ፤ ሰው ይንከተከታል። ጨዋታው ከእንጅባራ ተነሥቶ ግምጃ ቤት ደረሰ። በሠርግና በተዝካር ላይ ሰው «ዶክተሩን ያስቀሩት እኚህ ናቸው» እያለ አክስቴን ያሳያል። እሳቸው በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። የሚስቁ ይመስለኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ይህን ሁሉ ለትዕግሥት ነገርኳት፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው፣ እስከ ዳንግላው ደብዳቤ ድረስ። ስልኳን አንሥታ በረዶው እንዴት እንደቀለጠ፣ ሚኒባሱ የት እንደቆመ ሳይቀር እንድትጽፍላቸውና ቀን እንዲጨምሩላት እንድትጠይቅ ነገርኳት። እያፈረች ጻፈች። ይህን እስከምጽፍበት ቀን መልስ አልመጣላትም፤ ባይሰጧትም ግን የከለከሏት እነሱ ይሆናሉ።

ቅዳሜ ግምጃ ቤት ሄድኩ። አክስቴ ዛሬ ሰማንያ ሊደፍኑ ጥቂት ነው የቀራቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው። እርስዎ ዘሩን ይዘው ሲመጡ ጊዜው አላለፈም ነበር፤ እኔ ነኝ ሳልጠይቅ ቀድሜ የተውኩት፤ ብጠይቃቸው ይጠብቁኝ ነበር አልኳቸው። ወንዙ አይደለም ያስቀረኝ አልኳቸው።

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። ከዚያ፣ «እኔ አይደለሁማ» አሉ። ጥያቄ አይደለም፤ ለራሳቸው ነው የነገሩት።

«አይደሉም።»

ይቅር ይበሉኝ ልል ስጎነበስ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው አስቆሙኝ። «ለእኔ ብቻ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «የማርያም ማኅበር በሃያ አንድ እኔ ቤት ነው። አገር ይሰበሰባል፤ የሚስቁብኝም ሁሉ ይመጣሉ። እኔ ያኔ ዘጠኝ ደጅ ቆሜ አጥፊዋ እኔ ነኝ ብያለሁ፣ ልጄ። አንተ አንድ ቤት ተናገር።»

እሺ አልኳቸው። ምሳ አቀረቡልኝ፤ በላሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚህ ያለ ፍርሃት ግን አላውቅም። በሙያችን የታተመ ስህተት የሚታረመው በታተመበት መጽሔት ላይ ነው፤ ለደራሲው ጓደኛ በጆሮው በመንገር አይደለም። ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት አስተማርኩ። አክስቴ ያለ መጽሔት ያውቁታል።

ይህን የጻፍኩት፣ ልሸሽገውም አልችልም፣ ለልምምድ ነው። መልሼ ሳነበው ደግሞ ወንዙ ጋና ሰፌዱ ጋ ስደርስ አሁንም ሰው ለማሳቅ ብዕሬ እንደሚፈጥን አየሁ፤ የራሴ ሁለት መስመር ደብዳቤ ጋ ስደርስ ግን ቸኩዬ አልፌያለሁ። በሃያ አንድ ወንዙን አላነሣም። ከደብዳቤው ነው የምጀምረው።